አጥንት መስሎኝ ነበር

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ውሻችን መቻል ይባል ነበር። ልጄ ጆሮውን እየጎተተች፣ ጀርባው ላይ እየተጋደመች ነው ያደገችው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጥርሱን አሳይቷት አያውቅም። ይህን የምጽፈው በእኔ ላይ የደረሰውን ሌላ አባት አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው። እኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ልጄ ሁለት ሌሊት ያለ እብድ ውሻ በሽታ መርፌ አታድርም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ውሻ በአጥራችን ቀዳዳ ገብቶ ከመቻል ጋር ተናከሰ። መቻል ጆሮው ሥር ትንሽ ተቦጨቀ፤ በጨው ውሃ አጠብኩለትና ረሳሁት። ቡችላ ሳለ አንድ ጊዜ አስከትቤዋለሁ፣ ይበቃዋል ብዬ ነበር። አይበቃም፤ በየዓመቱ መደገም ነበረበት።

የፋሲካ ዕለት ጠባዩ ተለወጠ። ስጠራው አይመጣም፤ ከማገዶው ቁልል ኋላ ጨለማ ፈልጎ ይተኛል። በማግስቱ ድምፁ ጎረነነ፤ ሲጮህ መጨረሻው እየተሳበ ልቅሶ ይመስላል። አገጩ ወረደ፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ውሃ ሳቀርብለት ምላሱን ይነክራል እንጂ መዋጥ አይችልም። በዓል ነው፣ ግቢው ሁሉ አጥንት ነው፤ ጉሮሮውን አጥንት ሰንጎት ነው አልኩ። እጄን እስከ አንጓዬ አፉ ውስጥ ከትቼ ፈለግሁ። አጥንት የለም። ጥርሱ አውራ ጣቴን ጫር አደረገኝ፤ በሱሪዬ ጠረግሁት።

እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው እጁን ወደ ውሻው አፍ እንዳይሰድድ አጥብቄ እለምናለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ የመንጋጋንና የጉሮሮን ጡንቻ ሲያሰንፍ ልክ አጥንት የተሰነቀረበት ያስመስላል። ሁላችንም ያበደ ውሻ የምንለው እየሮጠ ያገኘውን ሁሉ የሚነክሰውን ነው፤ ጨለማ ፈልጎ ዝም የሚለውም ያው ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ዳቦ ይዛለት ሄደች። ሳያጉረመርም ክንዷን ነከሳት። ሲለቃት ደግሞ ዳቦውን ትቶ የማገዶውን እንጨት ይነክስ ጀመር። ገመድ ጥዬበት ማገዶ ቤት ዘጋሁበት። እናቴ እያለቀሰች ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ነሰነሰች፤ እኔ በጨርቅ አሰርኩት። ቁስሉን ያጠብነው ምናልባት አንድ ደቂቃ ነው። መታጠብ የነበረበት በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ነበር፣ ያውም ቡናም ቅጠልም ሳይነካው።

በሄድንበት ጤና ተቋም ያገኘናት ነርስ የቴታነስ መርፌ ወጋቻት። «ውሻው የራሳችሁ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያው አስራችሁ አሥር ቀን ተመልከቱት፤ ከሞተ ትመጣላችሁ።» «ሲስተር፣ ውሻው እኮ ታሟል፣ ውሃ እንኳ አይውጥም» አልኳት። ካርዱን መለሰችልኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራች። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ካርዱን ተቀብዬ መውጣቴ ነው። የአሥሩ ቀን ሕግ በራሱ ስህተት የለበትም፤ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው ያለበት ውሻ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታልም። ነገር ግን ሕጉ ጤነኛ ለሚመስል ውሻ ነው። ለዚያም ቢሆን መርፌውን ጀምሮ ውሻው አሥሩን ቀን ደህና ከሰነበተ ማቆም ይቻላል። ጠብቁ የሚላችሁን ማንንም አትስሙ፤ ነጭ ጋወን ቢለብስም አትስሙ።

ቤት ስንደርስ መቻል የለም። የሰፈሩ ሰዎች ለእኛ አስበው በዱላና በድንጋይ ገድለው ከወንዙ ዳር ቀብረውታል። ሽማግሌው ጎረቤታችን «አይዞህ ልጄ፣ ገላግለንሃል» አሉኝ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብዬ ገብቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። የመጀመሪያ ጥያቄው «ጭንቅላቱ የት አለ?» የሚል ነበር። በሽታው የሚረጋገጠው ከሞተ እንስሳ አንጎል ነው፤ አንጎሉ ሳይፈርስ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ፣ ፈጥኖ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። ልጅቷን ዛሬውኑ መርፌ አስጀምራት ማለቱን አስታውሳለሁ። እኔን ግን ጭንቅላት የሚለው ቃል ያዘኝ። ማረጋገጫ ካገኘሁ ያቺ ነርስ መልስ ታጣለች ብዬ አሰብኩ።

ሐኪሙና እኔ ድርብ ጓንት አጥልቀን ወንዙ ዳር ቆፈርን። ጆሮው ሥር ያለውን የየካቲት ጠባሳ አየሁት። ከዚያ በላይ ያለው የራስ ቅል ተደቁሷል፤ አፈር ገብቶበታል። ሐኪሙ «ይህ አይሆንም» አለኝ። አልሰማሁትም፤ ለምኜ ቆርጦ በድርብ ላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የበረዶ ሣጥን ስፈልግ ቀኑ መሸ፤ በረዶውንም ለምኜ ነው ያገኘሁት። ልጄ በዚያ ሁሉ ሰዓት እናቴ ጭን ላይ ነበረች። እናቴ ጸበል አስረጨቻት፣ በዚያ አልከፋም፤ ጸበሉ ከመርፌው ጋር አይጣላም። መርፌውን የከለከላት የእኔ እልህ ነው።

በነጋታው 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ሣጥኑን ጉልበቴ ላይ ይዤ፣ ምንድን ነው ሲሉኝ መድኃኒት ነው እያልኩ። የቤተ ሙከራው ሰው ሣጥኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። ለምን እንደማይመረመር በትዕግሥት አስረዳኝ። ከዚያ «ልጅቷ ስንተኛዋን ወሰደች?» ብሎ ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሰውየው ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ።

ባለቤቴ ደውዬላት ልጅቷን ይዛ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ገባች፤ ማታ መርፌውን አገኘን። ከመርፌው ጋር ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ቫይረሱን ወዲያው የሚያዳክም ዝግጁ መከላከያ አለ፤ ቆዳ ለተበሳ ሰው እርሱም ያስፈልጋል። ሦስት ቦታ ጠየቅን፣ ሦስቱም የለም አሉን። እኔም ለአውራ ጣቴ ጭረት አብሬ ተወጋሁ። የሚወሰደው ክንድ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ዕለት፣ ከዚያም ከእርሱ በ3፣ በ7፣ በ14 እና በ28 ቀኑ ሰጡን። እናቴ በእርሷ ዘመን ሆድ ላይ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይወጋ እንደነበር ታስታውሳለችና ይህን ስታይ አላመነችም።

ምልክቱ አንዴ ከታየ በሰው ላይ መዳኛ የለውም ለማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን መርፌው ያቆመዋል፤ ከንክሻው እስከ ምልክቱ በአብዛኛው ሁለት ሦስት ወር ይቆያል፣ ያ ጊዜ ግን የሚባክን አይደለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት፦ ሳሙና፣ መርፌ፣ ከዚያ ውሻው። ውሻው የሚያመጣው መልስ መርፌውን ለማቆም ይጠቅማል እንጂ ለመጀመር አይጠበቅም። ውሻውን ከቻላችሁ ዝጉበት እንጂ አትግደሉት፤ የግድ ከሆነ ጭንቅላቱን አትምቱ። ሐኪሙ እንዳለኝ የተናከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ጆሮው የቆሰለ፣ ወገቡ የታመመ፣ የወለደች እናትም ትናከሳለች። ያንን የሚለየው ግን ሐኪም ነው፤ እኔ ልለይ ብዬ እጄን አፉ ውስጥ ከተትኩ።

ወደ ሰፈር ስንመለስ ጎረቤታችን መዳፋቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው አገኘኋቸው። መቻልን ሲገድሉ ድንጋዩ ቆርጧቸው ነበር፤ የውሻው ደምና ምራቅ እዚያው እጃቸው ላይ ነበር። «የባህል መድኃኒት ጠጥቻለሁ፣ ይበቃኛል» አሉኝ። በዚያው ማታ፣ በማግስቱም ጠዋት ደጃቸው ተቀመጥኩ። ነርሷንም፣ ሣጥኑንም፣ የቤተ ሙከራውን ሰው ጥያቄም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ገብተው ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ።

የልጄን ሁለተኛና የእርሳቸውን የመጀመሪያ መርፌ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወሰዱ። እርሷ እንዳይፈሩ እጃቸውን ይዛላቸው ነበር።