በሁለት ፌስቲቫሎች መካከል ያሉት ወራት

ከዋና ከተሞች ርቆ ለሚገኝ ኪነ ጥበብ ገንዘብ የሚመድቡ ወገኖች ገንዘባቸው ዓይን የሚሞላ ውጤት እንዲያሳይላቸው መፈለጋቸው አያስገርምም። መድረክ፣ የተመልካች ብዛትና ፎቶግራፍ ያለበት የፌስቲቫል ሪፖርት በጀት ለሚያጸድቅ ኃላፊ በቀላሉ ይቀርባል። አንድ ባለሙያ ምሽት ምሽት ሦስት ልጆችን አስቀምጦ ማስተማሩ፣ አንድ የቴአትር ቡድን ማንም ሳያየው ለወራት መለማመዱ፣ አንድ ሰው የአዳራሹን ጣሪያ ክረምት ከመግባቱ በፊት ማስጠገኑ ግን ለሪፖርት አይመችም። የእኔ እምነት የአካባቢ ኪነ ጥበብን የሚያዳክመው የፌስቲቫል እጥረት ሳይሆን እነዚህ ተራ ወራት ከፋይ ማጣታቸው ነው የሚል ነው።

ችግሩን በአስተዳደር ድክመት ብቻ ማሳበብ አይቻልም፤ ከሙያው ጠባይም ይመነጫልና። ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን የተባሉ አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመድረክ ጥበባትን ገቢና ወጪ መርምረው ይህንኑ አስረድተዋል። ፋብሪካ ማሽኑን ባሻሻለ ቁጥር በአንድ ሠራተኛ ጉልበት ብዙ ያመርታል፤ ደመወዝም አብሮ ያድጋል። ቤትሆቨን ለአራት የባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾች የጻፈው ሙዚቃ ግን ዛሬም አራት ተጫዋቾችንና ያኔ ይፈጅ የነበረውን ያህል ጊዜ ይጠይቃል፤ ተጫዋቾቹ ደግሞ የሚኖሩት በዛሬው የኑሮ ውድነት ነው። ስለዚህ ቡድኑ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢተዳደር በቲኬት ገቢውና በወጪው መካከል ያለው ክፍተት ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል። በትልቅ ከተማ ክፍተቱን ባለሀብት፣ ቱሪስት ወይም የቴሌቪዥን ውል ሊሸፍነው ይችላል፤ በትንሽ ከተማ ግን አዳራሹ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ ወንበሮቹ ጥቂት ናቸው። ለእንዲህ ዓይነት ቡድን «ራሳችሁን ቻሉ» ብሎ መምከር ሒሳቡን አለማየት ይመስለኛል።

የሕዝብ ገንዘብም ቢሆን አስተማማኝ የሚሆነው ሕግ ሲደግፈው ነው። በእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች ቤተ መጻሕፍት የማቅረብ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ ኪነ ጥበብን መደገፍ ግን በፈቃዳቸው የሚወሰን ነው። የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት በ2023 የገንዘብ ቀውስ ውስጥ መግባቱን ካስታወቀ በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ለከተማዋ ዋና ዋና የኪነ ጥበብ ተቋማት የሚሰጠውን ድጎማ በመጀመሪያ በግማሽ ለመቀነስ፣ ከዚያም ጨርሶ ለማቆም ወስኗል። ግዴታ ያልሆነ ወጪ ችግር ሲመጣ ቀድሞ ይቆረጣል።

ጃፓን የሄደችበት መንገድ ከዚህ ይለያል። በ1950 ያወጣችውን የባህል ቅርስ ሕግ በ1954 አሻሽላ የእጅ ጥበብንና የትወና ዕውቀትን የተሸከሙትን ሰዎች በስም እየለየች ዕውቅና መስጠት ጀመረች። ሕዝቡ «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ለሚላቸው ለእነዚህ ባለሙያዎች መንግሥት በየዓመቱ 2 ሚሊዮን የን ይሰጣል፤ ዓላማውም ሙያቸውን እንዲያዳብሩና ተተኪ እንዲያሠለጥኑ ነው። የእኔን ትኩረት የሚስበው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ዓላማውና በየዓመቱ መደጋገሙ ነው፤ የሚከፈለው ለአንድ ቀን ትርኢት ሳይሆን ሰውየው ተማሪ ይዞ ለሚቆይበት ዓመት ነውና። ጉድለትም አለበት፤ መምህሩ በክብር ቢያዝም ተማሪው በሙያው ቤተሰብ እንደሚያስተዳድር ካልታየው ከተማ ወርዶ ሌላ ሥራ መፈለጉ አይቀርም።

ወጣቱ ከሄደ በኋላስ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ በዚያው በጃፓን፣ በኒጋታ አውራጃ የሚገኘውን የኤቺጎ ጹማሪን ምሳሌ ማንሳት እወዳለሁ። አካባቢው ከባድ በረዶ የሚጥልበት፣ ሩዝ የሚመረትበት፣ ወጣቶቹ የለቀቁትና አረጋውያን የቀሩበት ተራራማ ምድር ነው። ከ2000 ጀምሮ በየሦስት ዓመቱ የሚካሄደው የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ሥራዎቹን በአንድ አዳራሽ አላጨቀም፤ በእርሻው፣ ሰው በለቀቃቸው ቤቶችና በተዘጉ ትምህርት ቤቶች በትኖ አኖራቸው። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዱ ተማሪ አጥቶ በ2005 ሲዘጋ የቀሩት ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ። ሠዓሊው ሴይዞ ታሺማ ሕንፃውን እንዳለ ወደ ሥዕላዊ ተረት ለወጠው፤ ከወንዝና ከባሕር ዳርቻ የተለቀመ እንጨት ቀለም ተቀብቶ የሦስቱን ልጆች ምስል ያዘ፤ ጎብኚው ገጽ እንደሚገልጥ ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። እንዲህ ያሉት ሥራዎች ፌስቲቫሉ ሲያልቅ አይነሡም፤ በር የሚከፍት፣ በረዶ የሚጠርግ፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው ይፈልጋሉ። ለእኔ የዚህ ፌስቲቫል ትልቁ ውለታ ይህ የዘወትር ሥራ ነው፤ ፌስቲቫልን በጅምላ የማልነቅፈውም ስለዚሁ ነው።

የዌልሱ ብሔራዊ አይስቴድቮድም በሌላ መንገድ ወደዚያው ይደርሳል። በዌልስኛ ቋንቋ የሚካሄደው ይህ የግጥምና የሙዚቃ ውድድር በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል፤ አንድ ዓመት በሰሜን ከሆነ በቀጣዩ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ተራው የደረሰው አካባቢ አስቀድሞ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ መዋጮ ያሰባስባል፣ መዘምራን ይመለምላል። ዋናው ሳምንት ከመድረሱ በፊት የአካባቢው ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ ለወራት ሲገናኝ ይቆያል፤ ቋንቋውም በስብሰባ፣ በልምምድና በሒሳብ መዝገብ ላይ ሥራ ያገኛል። ተሳታፊነቱ የመጣው ከልምምዱ ነው፤ ትርኢቱ የዚያ ፍሬ ነው።

ድጎማ የሚሰጥ አካል የውል ረቂቅ አዘጋጅ ቢለኝ ዘመኑን ከሦስት ዓመት አላሳንሰውም። ከገንዘቡ ቁርጥ ያለውን ድርሻ ለማስተማር፣ ለአዳራሽ ጥገናና ለአስተባባሪው ደመወዝ አስቀድሜ እለያለሁ፤ በተለይ አስተባባሪው ብዙ ጊዜ በነጻ እያገለገለ የሚደክም ሰው ስለሆነ ይህ አንቀጽ እንዲሰረዝ አልፈቅድም። የሪፖርት ቅጹ ላይም ስለ ተመልካች ብዛት ከመጠየቄ በፊት፣ አምና መማር ከጀመሩት ልጆች ስንቶቹ ዘንድሮ ተመልሰው እንደመጡና ያልመጡት ለምን እንደቀሩ እጠይቃለሁ።