ስንቅ ገብቶ ጋቢ ይወጣል

ጠዋት ፋሲል ግንብን አየሁ። ስለሱ ብዙ ተጽፏልና ልለፈው። ከሰዓት አክስቴ ወደ ማረሚያ ቤት ስንቅ ልታደርስ ስትነሳ ተከተልኳት። የባሏ ወንድም በድንበር ጠብ ተፈርዶበት እዚያ ነው። ባጃጅ ያዝን።

በሩ ላይ ስልክ ይቀመጣል፣ መታወቂያ ይታያል። ፈታሿ እንጀራውን ገለጥ ገለጥ አደረገች፤ ሽሮውን በማንኪያ አማሰለችና «ይቅመሱ እናቴ» አለች። ያመጣው ሰው መቅመስ አለበት። አክስቴ ጎረሰች። «እኔ እኮ ምሳዬን የምበላው እዚህ ነው» ብላ ፈታሿን አሳቀቻት።

ጥየቃው አጥር ለአጥር ነው። ሁሉም ባንዴ ስለሚያወራ ካልጮህክ አትሰማም። ሰውዬው ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀው በሬውን ነው። ከዚያ ልጆቹን።

ገበሬ ነበር፣ አሁን ሸማኔ ሆኗል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጎንደር ላይ ሽመና የእስላሙና የቤተ እስራኤሉ ሙያ ሆኖ ነው የኖረው፤ አራሹ ይለብሰዋል እንጂ አይሠራውም፣ ሠሪውንም ይንቅ ነበር። እሱ ግን ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያ መወርወር ከሌላ ታራሚ ተማረ። ጣቶቹን አሳየን፤ ክር የሞረደው ቦታ ደድሯል። «ሞፈር እንኳ እንዲህ አላረገኝም» አለ። ፊደልም የቆጠረው እዚሁ ነው፤ አሁን አራተኛ ክፍል ደርሷል። ልጁ አምስተኛ ነው። «በአንድ ክፍል ይበልጠኛል» ብሎ ሳቀ።

የመንግሥት ቀለብ አለ፤ ድልህና ሳሙና ግን ከቤት ነው። ጠያቂ የሌለው የሰው ልብስ አጥቦ ሳሙናውን ያገኛል። ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ቀጠሮ ላይ ያለ ወጣት ነው። ነገ እፈታ ይሆናል እያለ ሥራም አልጀመረ፣ ትምህርትም አልተመዘገበ።

ፍርደኛ ቢያንስ ይቆጥራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ በዕድሜ ልክ ደግሞ 20 ዓመት የታሰረ፣ በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ካሳየ፣ ያደረሰውንም ጉዳት በአቅሙ ከካሰ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ጠዋት አስጎብኚው ስለ ወህኒ አምባ ሲያወራ ነበር። ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የንጉሥ ዘር ዙፋን እንዳይሻማ ተራራ ላይ ይጋዝ ነበር፤ ንጉሥ ሲሞት አንዱን አውርደው ያነግሡታል። የነሱ አመክሮ የንጉሥ ሞት ነበር ማለት ነው።

ስንወጣ አክስቴ ባዶ ምሳ ዕቃና አንድ ጋቢ ይዛለች። ጋቢውም ተፈትሿል። ቅዳሜ ገበያ ይሸጥና ብሩ ለልጆቹ ደብተር ይሆናል። ስንቅ አቀባይዋም ደላላዋም እሷ ናት። ጥለቱ አንድ ጠርዝ ላይ ትንሽ ተንጋዷል፣ ግን ወፍራምና ደህና ጋቢ ነው። እኔ ልግዛው አልኳት።

«ለዘመድ ብዬ አልቀንስም፣ እወቀው!»

አልቀነሰችም።