ድባቴን በክትባት ክፍል መፈለግ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ ዘወትር የሚያሳስበኝ ጉዳይ፣ ከወለዱ በኋላ በድባቴ የሚሠቃዩ እናቶችን የምናገኝበት አጋጣሚ አለመኖሩ ነበር። ለራሳቸው ምርመራ ተመልሰው የሚመጡት ጥቂት ናቸው፤ የመጡትም ስለ ቁስላቸውና ስለ ጡታቸው ይጠየቃሉ እንጂ ስለ ስሜታቸው የሚጠይቃቸው የለም። ራሳቸውን ለማሳየት የማይመጡት እናቶች ግን ልጃቸውን ለማስከተብ ይመጣሉ። ስለዚህ የድባቴውን ማጣሪያ ከ45 ቀን ክትባት ጋር እንድናያይዘው ሐሳብ አቀረብኩ፤ ኃላፊያችንም ተጨማሪ ሰው እስካልጠየቅኩ ድረስ ተቃውሞ እንደሌለው ነገረኝ።

ቀኑ የተመቸበት ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ እናቶች ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ ይብሳቸዋል፣ ያለ ምክንያትም ያለቅሳሉ፤ ይህ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ጊዜ ያልፋል። በ45ኛው ቀንም ፊቷ ያልፈታ እናት በቅርብ መታየት አለባት። የዓለም ጤና ድርጅት በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ከወለዱ እናቶች ወደ 20 በመቶ የሚጠጉት የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ፣ እንደሚያጋጥማቸው ይገልጻል። በእኛ ክትባት ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ አምስት እናቶች ይቀመጣሉ።

የተጠቀምንበት የኤድንብራ መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ኮክስና ባልደረቦቹ ስኮትላንድ ውስጥ ያዘጋጁት ሲሆን፣ ያለፉትን 7 ቀናት የሚመለከቱ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምሩም ከ0 እስከ 30 ይደርሳል። መጠይቁ በአገራችን ሲፈተሽ በቡታጅራ ገጠር ደካማ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የተሻለ ሆኖ መገኘቱን ሳውቅ፣ ድምሩን ብቻ አምኜ እናትን ላለማሰናበት ወሰንኩ። እናቶቻችን «ከፍቶኛል» ለማለት ይቸገራሉ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎና አጥሚት ይዞ በሚመላለስበት ቤት እንዲህ ማለት ውለታ ቢስነት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ራሴን ይነድለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሰውነቴ ይቃጠላል ይላሉ። እኔም ከእነዚህ ቃላት ተነሥቼ መጠየቅ ጀመርኩ።

ከሁሉ የፈተነኝ እናቲቱን ብቻዋን ማግኘት ነበር። አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ወደ ጤና ጣቢያም እናቷ ወይም አማቷ አብረዋት ይመጣሉ፤ በእነርሱ ፊት ደግሞ ሁሉም «ደኅና ነኝ» ትላለች። የደም ግፊት መለኪያው በሌላ ክፍል መሆኑ በጀኝ። «እማማ፣ ሕፃኑን ይዘው ይጠብቁን፤ ግፊቷን ለክቼ እመልሳታለሁ» እያልኩ ለይቼ አስገባታለሁ።

አንዲት የሁለት ልጆች እናት አሁንም ትታወሰኛለች። ሕፃኑ ተወግቶ ሲጮህ አማቷ ተቀብለው እሹሩሩ ሲሉት፣ እርሷ መርፌው የተጣለበትን ሣጥን እያየች ቀረች። ግፊቷን ከለካሁ በኋላ «ልጁ ሲተኛ አንቺስ ትተኛለሽ?» አልኳት፤ አራስ ሌሊት መንቃቷ የታወቀ ስለሆነ የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። «አይ ሲስተር፣ እሱ ሲተኛ እኔ ትንፋሹን ሳዳምጥ ነው የማድረው» አለችኝ። ራስን ስለ መጉዳት የሚያነሣው 10ኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ዝም አለች። ዝምታዋን «የለም» ብዬ ሳልመዘግብ ጠበቅኩ፤ ቆይታም «አንዳንዴ ባልነቃ እላለሁ» አለች። መጠየቁ ሐሳቡን ያመጣባታል የሚሉ ባልደረቦች ነበሩኝ፤ ነገር ግን ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርም፣ ያለውን ያወጣዋል እንጂ። ዕቅድ እንደሌላት ካረጋገጥኩ በኋላ በዚያው ቀን ከጤና መኮንኑ ጋር አገናኘኋት።

ሕክምናው ከክኒን አልጀመረም። የደም ማነስና ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ መዛባት ድባቴ ስለሚመስሉ ምርመራ ታዘዘላት፤ ከዚህ ቀደም ያለ እንቅልፍ እየዋለች እያደረች ከልክ ያለፈ ደስታና ጉልበት የተሰማት ጊዜ እንደነበረም ተጠየቀች፤ ባይፖላር ለሚባለው፣ ድባቴና ከልክ ያለፈ ደስታ ለሚፈራረቁበት ሕመም ለተጋለጠች ሴት የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሊጎዳ ይችላልና። ከዚያም በእርሷ ፈቃድ አማቷን አስገብተን፣ እናቲቱ ማታ አጥብታ እስከሚቀጥለው ማጥቢያ ሳትቀሰቀስ እንድትተኛና ሕፃኑም በዚያ ሰዓት በሌላ ክፍል ከአያቱ ጋር እንዲሆን ተስማማን። አማቷ «እኛስ ወልደን የለም ወይ?» ብለው ነበር፤ ሕመም መሆኑን ስነግራቸው ግን ከማንም በላይ የረዱኝ እርሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ ከሚደረገው ምክክር ጋር ወደ ጡት ወተት እምብዛም የማያልፈው ሰርትራሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ታዘዘላት። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ ከተሻላትም በኋላ ቢያንስ ለስድስት ወር እንደሚቀጥል አስቀድሜ ነገርኳት፤ ይህ ካልተነገራቸው ብዙዎቹ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል። ጸበል ለሚሄዱትም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንዲሄዱ እመክራለሁ፤ ከጸበል የሚያጣላ ነርስ ታካሚዋን ዳግመኛ አታያትም።

ከ1,000 ወላዶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ የሚደርሰው፣ ድምፅ የሚያሰማና ሐሳብን የሚያምታታው ሕመም ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ለእርሱ ቀጠሮ አይሰጥም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላካል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት፣ ለአባት ደግሞ ሦስት ቀናት ብቻ ፈቃድ ይሰጣል። የእናትየው ፈቃድ የሚያልቀው ከሦስተኛው ዙር ክትባት ጥቂት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ በ45ኛው ቀን ደኅና የነበሩትንም በዚያ ዙር እንደገና እጠይቃለሁ፤ ወደ ሥራ መመለሱ የሚከብዳቸው አሉ። ሕፃኑን አክስት ወይም ሞግዚት ይዛ ስትመጣ ግን መጠይቁ ሳይሞላ ይቀራል። የእነዚህን እናቶች ስም ለብቻ እየመዘገብኩ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እሰጣታለሁ፤ እርሷም ቤታቸው ድረስ ትሄዳለች።