ከጎንደር ወደ ስሜን፦ ማደርን የሚጠይቅ ሙያ

ከጎንደር ተነሥተን የደባርቅን መንገድ የያዝነው በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ማለዳ ላይ ነው። አብራኝ የተሳፈረችው የአክስቴ ልጅ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሚገኝ አንድ ሎጅ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆና ከተሾመች ብዙም አልቆየችም ነበር። ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ስትመለስ አብሬያት እንድወጣ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ተራራውን የማየት ጉጉት ነበረኝ፤ ከዚያ ይበልጥ ግን አልጋ አንጣፊ ሆና የጀመረች ልጅ እንዴት እዚህ እንደደረሰች፣ አብረዋት የጀመሩት ደግሞ ለምን ባሉበት እንደቀሩ ሥራው ካለበት ቦታ ሆኜ መረዳት ፈለግሁ።

ወለቃን አልፈን ወደ ኮሶዬ ስንወጣ የቆላው ሸለቆ ከግራ በኩል ተከፍቶ ይታያል። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ያለው ደጋ አዝመራው ደርሶ ገበሬው አጨዳ ላይ ነበር። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ለጨዋታ የሚበቃ ጊዜ ነበረን፤ የአክስቴ ልጅም ያለፈችበትን ሁሉ ሳትቸኩል አጫወተችኝ።

ሥራ የጀመረችው ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ሆቴል ነው። ክፍሎቿን አጽድታ ስትጨርስ ወደ ቤቷ አትሄድም፤ እንግዳ መቀበያው አጠገብ ቆማ ፓስፖርት እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ክፍያ እንዴት እንደሚታረም፣ የተቆጣ እንግዳ በምን ቃል እንደሚበርድ ትመለከታለች። እንግሊዝኛዋ እየተፈታ ሲሄድ ወደ መቀበያው እንድትዛወር ማመልከቻ አስገባች። የተሰጣት መልስ አጭር ነበር፤ ሥራው የሌሊት ተራ አለው፣ ለሴት አይመችም። ችሎታዋን የጠየቀ፣ ፈተናም የሰጣት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ቦታውን ያገኘው ወጣት ሥራውን የለመደው እሷው አሳይታው ነው።

ተራራው ላይ ሎጅ ሠራተኛ ይፈልጋል የሚል ወሬ በሰማች ጊዜ ግን ነገሩን ከሌላ በኩል አየችው። «እታለም፣ ከተማው ውስጥ ሌሊቱ ለወንዱ ብቻ የተሰጠ ነው። እዚያ ላይ ግን ማንም ማታ ቤቱ አይገባም፤ ሥራ አስኪያጁም አብሳዩም ዘበኛውም እዚያው ያድራል። ስለዚህ አታድሪም ብሎ የሚከለክለኝ አሠሪ የለም» አለችኝ። ያስተዋለችው እውነት ነው፤ ይህንን በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ማስተዋሏ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አሠሪው ባይከለክልም የሚከለክል ቤት አለ። አክስቴ ልጄ ከፈረንጅ ጋር ጫካ አታድርም ብላ ለወራት አኩርፋለች። ጎረቤቱም የሚለውን ብሏል፤ እዚህ ልድገመው አልፈልግም። በመጨረሻ የታረቁት አክስቴ ራሷ ሎጁ ድረስ ወጥታ የሴት ሠራተኞቹን መኝታ፣ የበሩን ቁልፍና አብረዋት የሚያድሩትን ሴቶች ካየች በኋላ ነው።

ደባርቅ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋር ቆመን መግቢያ ከፈልን፤ እንደ ደንቡም ጠመንጃ የያዘ ስካውት አብሮን ተሳፈረ። ስሜን በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978፣ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ጋር ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ የወጣው በ2017 ነበር። የዋሊያ ቁጥር መመናመኑ፣ እርሻውና ግጦሹ ከዚያ ያደረሱት ምክንያቶች ነበሩ። ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ እንግዳ የሚጠብቁ አስጎብኚዎች፣ ስካውቶችና ባለ በቅሎዎች ቆመዋል። በዚያ ጠዋት በመካከላቸው አንዲት ሴት አላየሁም። የአክስቴ ልጅ አይታኝ ገባትና «የኛ መሰላል የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ያስረዳችኝ ቆይታ ነው። ሎጁ ለሥልጠና ወደ ሰሜን ታንዛኒያ ልኳት ነበር። እዚያ ያሉት የሳፋሪ ሎጆችና ካምፖች ከእኛ በብዙ ይሰፋሉ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ሠራተኛው ሳምንታትን ዱር ውስጥ ሠርቶ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ይገባል። እንግዳው ቀኑን ሙሉ አብሮ የሚውለው ከአስጎብኚው ጋር ነው፤ ስለዚህ ጉርሻውም፣ ምስጋናውም፣ የአለቆቹ ዓይንም እሱ ላይ ያርፋል፣ ሥራ አስኪያጅ ሲፈለግም ስሙ ቀድሞ ይነሣል። አልጋ ያነጠፈችው ሴት ግን እንግዳው ክፍሉ በሌለበት ሰዓት ገብታ የምትወጣ በመሆኗ ማንም አያውቃትም። ይህን ለመስበር የተነሡ ቦታዎች መኖራቸውን የሰማችውም እዚያው ነው። ሴሬንጌቲ ውስጥ ዱኒያ የተባለው ካምፕ ከሥራ አስኪያጅ እስከ አብሳይ በሴቶች ብቻ ይካሄዳል። በቦትስዋና ደግሞ በቾቤ ጌም ሎጅ እንግዳውን ተሽከርካሪ እየነዱ ወደ አውሬው የሚወስዱት አስጎብኚዎች በሙሉ ሴቶች ናቸው። ዝሆንና አንበሳ ባለበት ዱር ሴት መሪ ከሆነች፣ ሣር የሚግጥ ጭላዳ ባለበት ተራራ የማትሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሎጁ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተሠራ ነው፤ ከጎንደር ከ1,000 ሜትር በላይ ይበልጣል። ልዩነቱ ደረጃ ስወጣ በትንፋሼ ታወቀኝ። የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋን አስቀምጣ ጋቢዋን ሳታወልቅ ሥራ ጀመረች። ከእንግዶቹ እራት በፊት ክፍል እየዞረች ስታይ ተከተልኋት። አንሶላውን በመዳፏ ዳሰሰችና አልረካችም፤ ጎንበስ ብላ ጉንጯን አስነካችው። በዚህ ብርድ እጅ ስለሚደነዝዝ እርጥበት አይለይም፣ ጉንጭ ግን ይለያል። አብራን ለነበረችው አዲስ ሠራተኛ ፍል ውኃ የሚሞላውን የጎማ ከረጢት አያያዝ አሳየቻት። ውኃው እስከ አፉ አይሞላም፤ አየሩ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ ክዳኑ አጥብቆ ይዘጋል፣ ከዚያ ተገልብጦ ይታያል፤ አንዲት ጠብታ ካየሽ አልጋው ውስጥ አታስገቢው። «እኩለ ሌሊት ላይ አልጋው የረጠበበት እንግዳ ተራራውን ሳይሆን ያችን ሌሊት ነው የሚያስታውሰው» አለቻት። ወጥ ቤት ገብተን ደግሞ የነገውን ባቄላ መዘፍዘፉን አረጋገጠች፤ በዚያ ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ ያልተዘፈዘፈ ጥራጥሬ ለምሳ አይደርስም። ይህን ያወቀችው ከአብሳዮቹ ጋር እሳት ዳር ቆማ እንጂ ከሥልጠና አይደለም። ምክትል ሥራ አስኪያጅ ያደረጋትም ይኸው ነው፤ ከአንሶላው እስከ ሂሳቡ ድረስ በእጇ ያላለፈ ሥራ የለም።

ጭላዳዎቹን ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ አየኋቸው፤ ፀሐይ ሞቀው ሣር እየነጩ ይበላሉ፣ ሰው መኖሩንም ከቁም ነገር አይቆጥሩም። ስለ እነሱ የጻፈ ብዙ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ኮሮና አገራችን ገባ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ጦርነቱ ተነሣ፣ ከዚያም በኋላ አካባቢያችን ዕፎይ አላለም። እንግዳ ሲጠፋ ቀድመው የሚሸኙት ታችኛው ደረጃ ላይ ያሉት ናቸው፤ ታችኛው ደረጃ ላይ ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሴቶች ከአልጋ ክፍል ከፍ ይበሉ ስል ስለ ማዕረግ ብቻ እየተናገርሁ አይደለም፤ በክፉ ቀን እንጀራቸው እንዳይቋረጥም ነው።

ስመለስ የአክስቴ ልጅ እስከ ደባርቅ አብራኝ ወረደች። ለመሸኘት ብቻ አልነበረም። ሎጁ ሊቀጥራት የፈለጋት አንዲት አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ነበረች፤ አባቷ ግን አልፈቀዱም። የአክስቴ ልጅ ደግሞ አዲስ ሴት በተቀጠረች ቁጥር ቤተሰቡን ራሷ ሄዳ ታነጋግራለች። ሰውየው በክብር ተቀበሉን፤ ልጅቷ ቡና ታፈላለች፣ እናትየዋ ቆሎ አቀረቡ።

«ሌሊት ማን ይጠብቃታል?» አሉ አባትየው።

«ከእኔ ጋር ነው የምታድር አባባ። ሴቶቹ አንድ ቤት ነን፤ ቁልፉ በእኛ እጅ ነው። ከፈለጉ እማማ መጥተው አብረውን ይደሩና ይዩ» አለች።

«ደመወዟስ?»

«በራሷ የባንክ ደብተር ይገባል። ለእናንተ የምትሰጠውን እሷ ትወስናለች።»

አባትየው ይህን አልወደዱትም፤ ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥለው ለጥምቀት ትመጣ እንደሆነ ጠየቁ። የአክስቴ ልጅ ነገሩን አላድበሰበሰችም፤ ጥምቀት እንግዳ የሚበዛበት ሰሞን ስለሆነ ፈቃድ እንደማይሰጥ፣ ዕረፍቷ ከበዓሉ በኋላ እንደሚሆን ነገረቻቸው። ይህንን ስትናገር ነገሩ የተበላሸ መሰለኝ። ሰውየው ግን ወደ ባለቤታቸው ዞሩና «እውነቱን ነገረችን እኮ» አሉ፤ ወዲያውም እናትየው በመጪው ሳምንት ሎጁን አይተው እንዲመለሱ ተስማሙ።

ልጅቷ እስከዚያ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ሁለተኛውን ቡና እያደለች የአክስቴን ልጅ ቀና ብላ አየችና፣ አልጋ ማንጠፉን እንደምትችል፣ ከዚያ አስጎብኚ ለመሆን ግን ምን መማር እንዳለባት ጠየቀቻት። የአክስቴ ልጅ ሲኒዋን አስቀምጣ ከቦርሳዋ ብዕርና ወረቀት አወጣች፣ እንግሊዝኛውን፣ የወፎቹንና የዕፅዋቱን ስም፣ የመጀመሪያ ዕርዳታውን በተራ እየጻፈች፣ የትኛውን ከማን እንደምትማር ታስረዳት ጀመር። የጎንደር መኪና እስኪሞላ ድረስም አልጨረሱም ነበር።