ጋንጀስ የወሰዳት መናገሻ

ባለፈው ነሐሴ ቦርከና ሞልቶ ከጎደለ በኋላ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ወንዙ ወደናደው ዳርቻ ወርጄ ነበር። የተቆረጠው አፈር እንደ ተደራረበ እንጀራ ንብርብሩ ይቆጠራል፤ ከላይ ጥቁር የእርሻ አፈር፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከዚያም ሁለት ጣት በማይሞላ ውፍረት የተኛ ቢጫማ ደለል አለ። ከደለሉ በታች የጀበና አንገት የመሰለ ገል ብቅ ብሎ ነበርና ሳልነካው ቆሜ አየሁት። ሰው ኖሮበታል፣ ኋላም ውኃ መጥቶበታል ማለት ነው። ስለ ሃስቲናፑር ለወራት ሳነብ በደንብ ያልጨበጥኩት ነገር ግልጽ የሆነልኝ እዚያ ነው።

ሃስቲናፑር በሰሜን ሕንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ ከዴልሂ በስተሰሜን ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ አነስተኛ የገጠር ከተማ ናት። በሂንዱዎች ትውፊት ግን ኩሩ የተባለው ነገድ ነገሥታት መናገሻ፣ ማሃባራታ በተባለው ጥንታዊ የሕንድ የጀግኖች ትረካ የሚወሱት የአጎት ልጆች፣ ፓንዳቫዎችና ካውራቫዎች፣ ለዙፋኗ የተፋጁላት ታላቅ ከተማ ነበረች። ለጃይን እምነት ተከታዮችም ቅድስት ስፍራ ናት።

እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952 ቢ. ቢ. ላል የተባሉ ሕንዳዊ አርኪዮሎጂስት በዚያ ያለውን ጥንታዊ ጉብታ ቆፈሩ። ትረካው የሚያወሳው ግርማ አልተገኘም፤ የተገኘው የጭቃ ግድግዳ፣ ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ፣ የሩዝ ቅሪት፣ የፈረስ አጥንትና ጥቁር መስመር የተሳለበት ስስ ግራጫ ሸክላ ነው። ላል ይህን ሰፈር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1100 እስከ 800 ባለው ዘመን መደቡት። ማገርና ምርግ እኛም የምናውቀው የቤት አሠራር ስለሆነ፣ ይህ ግኝት ከማንኛውም የወርቅ አዳራሽ ይልቅ ለልቤ ቀርቧል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ጎርፉ ነው። የጋንጀስ ወንዝ የሰፈሩን ከፊል ጠርጎ እንደ ወሰደ ቁፋሮው አሳየ፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ለረጅም ጊዜ ጠፍ ሆኖ ቆይቷል። ፑራና የሚባሉት ጥንታውያን መጻሕፍት ደግሞ በንጉሥ ኒቻክሹ ዘመን ጋንጀስ ሃስቲናፑርን ስለወሰዳት መናገሻው ወደ ካውሻምቢ መዛወሩን ይተርካሉ። ላል ሁለቱን አገናኙ፤ ያው ግራጫ ሸክላ በማሃባራታ በሚጠሩ ሌሎች ቦታዎችም መገኘቱን ተጨማሪ ማስረጃ አደረጉት። ሌሎች ምሁራን ይህ ሸክላ በሰሜን ሕንድ በብዙ ስፍራዎች የተለመደ ስለሆነ የጦርነቱን እውነትነት አያረጋግጥም ሲሉ ተቃወሙ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። ጎርፍ መጥቷል ማለት ሌላ፣ ያ ሁሉ ጀግና በዚያ ኖሯል ማለት ሌላ ነው።

ቢሆንም ትረካውን ተረት ብሎ መጣል ያሳዝነኛል። ደሴ ያደግን ሰዎች ስለ ሐይቅ የሰማነው አለ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር በመሳፍንት ልጅ ተበድላ ፈጣሪ ተቆጣና ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያው ሁሉ ውኃ ሆነ፤ የተረፈው መሬት ዛሬ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው ይባላል። አያቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር።

ጋንጀስ ዛሬ ከሃስቲናፑር ርቆ ይፈሳል። በጉብታው አጠገብ የቀረውን የድሮ መውረጃ የአገሩ ሰዎች ቡርሂ ጋንጋ፣ አሮጊቷ ጋንጋ፣ ይሉታል።