ከጉበት ንቅለ ተከላ በኋላ፦ ባሕር ዳር ላይ ታክሮሊመስን መከታተል

ለወንድሜ ጉበቴን ያካፈልኩት እኔ ነኝ፤ ከሕንድ ከተመለስን ጀምሮ ታክሮሊመስ የተባለውን መድኃኒቱን የምከታተለውም እኔው ነኝ። ስለ ቀዶ ሕክምናው የሚያስረዳ ሰው አይጠፋም። አገር ቤት ከገባችሁ በኋላ ስላለው ግን ማንም አልነገረንም፤ ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ቤት ከመሸጣችሁና መዋጮ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። በጣና ዙሪያ ደም ያስታወከና ጣፊያው ያበጠ ሰው ሁሉ ንቅለ ተከላ አያስፈልገውም። እዚህ ቢልሃርዚያ (ከሐይቅ ውሃ የሚይዝ የትል በሽታ) አለ። የትሉ እንቁላል በጉበት የደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ፈጥሮ ደሙን ሲያግድ፣ የምግብ ቧንቧ ሥሮች ያብጡና ይፈነዳሉ፤ ጉበቱ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ሥራውን አላቆመም። አልቡሚንና አይኤንአር (የጉበትን ሥራ የሚያሳዩ የደም ምርመራዎች) ደህና ከሆኑ፣ ሥሮቹን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) በላስቲክ ማሰርና በሥሮቹ ያለውን ግፊት የሚቀንሰውን ፕሮፕራኖሎል መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የወንድሜ በሄፓታይተስ ቢ የመጣ ሲሮሲስ (ጉበቱ ራሱ በጠባሳ የተበላሸበት) ነበር፦ ሆዱ ውሃ ቋጥሯል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ደሙ በጊዜው አይረጋም። «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ቅጠል የሚያጠጡ ሰዎችን አትስሟቸው፤ የደከመ ጉበት ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል አይችልም።

ለጋሽ ለመሆን ደማችሁ ከበሽተኛው ጋር መስማማት አለበት፤ ኦ ለሁሉም ይሰጣል። ጉበታችሁ ስብ የበዛበት መሆን የለበትም። በሲቲ ስካን ሁለት ነገር ይለካል፦ የሚሰጠው ክፍል ከተቀባዩ ክብደት ቢያንስ 0.8 በመቶ ይሆናል ወይ (ለ60 ኪሎ ሰው 480 ግራም ገደማ)፣ እናንተ ጋ የሚቀረውስ ከ30 በመቶ በላይ ነው ወይ። የቀረው በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛውን መጠኑን ይመልሳል። ለጋሽ የመሞት ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም፣ ቤተሰብም ይህን ፊት ለፊት መስማት አለበት። የሕንድ ሕግ የዝምድና ማስረጃና የኤምባሲ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ በሁሉም ወረቀት ላይ የስማችሁ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው። ታክሮሊመስ ሰውነት አዲሱን ጉበት እንዳያጠቃው ያደርጋል። በየ12 ሰዓቱ ይዋጣል፤ የእኛ ሰዓት ጠዋት 3 እና ማታ 3 ነው። የሐኪሙ ወረቀት ላይ «9» የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ለሚያስታምመው ሰው ሁሉ በእኛ ሰዓት ጽፋችሁ ስጡት። በመጀመሪያዎቹ ወራት በደም ውስጥ ያለው መጠን በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር እንዲሆን ይፈለጋል፤ ካነሰ ጉበቱ ይጠቃል፣ ከበዛ ኩላሊት ይጎዳል።

ደሙ የሚቀዳው የጠዋቱ ኪኒን ከመዋጡ በፊት ነው። እዚህ የሄድንበት ላብራቶሪ «መድኃኒትህን ዋጥና ና» ብሎ፣ ከዋጠ በኋላ ቀዳው። ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ቁጥሩ ሰማይ ነክቷል። የቀዳው ሰው መቼ እንደቀዳ በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። የሕንዱ የንቅለ ተከላ ቡድን ሰዓቱን ጠይቆ ቁጥሩን ውድቅ ባያደርገው ኖሮ መድኃኒቱ ያለ ምክንያት ይቀነስ ነበር።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ሳል ያዘውና አንድ ክሊኒክ ክላሪትሮማይሲን አዘዘለት። ይህ አንቲባዮቲክ ታክሮሊመስን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግዳል፤ በዚያው መጠን እየዋጡ በደም ውስጥ ያለው ይከማቻል። በቀናት ውስጥ የሻይ ብርጭቆ መያዝ እስኪያቅተው እጁ ተንቀጠቀጠ፣ የኩላሊት ሥራ መለኪያው ክሪያቲኒን ከፍ አለ። የታክሮሊመሱ ውጤት ከ20 በላይ ሲመጣ ክሊኒኩ ምን አለ? «ያው እንደ በፊቱ ውጣችሁ ነው የተቀዳችሁት።» አልዋጠም ነበር፤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያው የተበላሸ ናሙና የሁለተኛውን እውነት አስካደ። እስካሁን ያናድደኛል። አንቲባዮቲኩ ቆሞ፣ ታክሮሊመሱ በቡድኑ ትእዛዝ ለጊዜው ተቋርጦ ኩላሊቱ ተመለሰ።

ስለዚህ ደም በተቀዳ ቁጥር የመጨረሻው ኪኒን የተዋጠበትንና ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ራሳችሁ ጻፉና ፎቶ አንሱ። ክዳኑ ሐምራዊ በሆነው ቱቦ ይቀዳ፤ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ስለሚገባ ሴረሙን (ከሴሎቹ የተለየውን የደም ፈሳሽ) የሚለየው ባለ ቀይ ክዳን ቱቦ አይሆንም።

የመውጫ ወረቀቱ «ሲታመሙ አቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ» ይላል። እኔ አልስማማም። ደም ካላስታወከ ወይም ራሱን ካልሳተ በቀር መጀመሪያ ለንቅለ ተከላው ቡድን ደውሉ፣ ከዚያ ሂዱ። የፈንገስ መድኃኒቶቹ ፍሉኮናዞልና ኬቶኮናዞልም በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ከፍ ያደርጋሉ። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ክፉኛ ያወርደዋል፤ በአገራችን ቲቢ ብዙ ስለሆነ ይህን ስም በቃላችሁ ያዙት። ለራስ ምታት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሆኑም፤ ኩላሊት ይጎዳሉ።

በጾም ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ኪኒኑን በውሃ መዋጥ ግድ ነው፤ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድመን ተነጋግረን ነው የጨረስነው። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ቀርቷል። ሐይቁ ውስጥ እግሩንም አያስገባም። ለሄፓታይተስ ቢው ቴኖፎቪር አይቋረጥም፤ ቫይረሱ አዲሱንም ጉበት ይይዛል።

ቤት ውስጥ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ ታክሮሊመስ ይኑር። ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ምርት ከሰጣችሁ ለቡድኑ ሳትነግሩ አትጀምሩት፤ ከተለወጠም መጠኑ በደም እንደገና ይለካ።