ምላስዎን ያውጡ

ቻይና፣ ጓንጁ ከተማ የሄድኩት የበር ቁልፍና እጀታ ለመግዛት ነው። እዚያ የካንቶን ንግድ ትርኢት በሚያዝያ ይከፈታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው፣ እግር እስኪቀጥን ያዞራል። ለህክምና የያዝኩት ሐሳብ አልነበረም። ጨጓራዬ ግን ያለ ቲኬት አብሮኝ ተሳፍሯል።

ያን ሰሞን ከተማው ያልበዋል። ቀልዴን አይደለም፣ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። በዚህ ወቅት ከደቡብ እርጥብና ሞቃት አየር ይመጣና የቀዘቀዘው ግድግዳና ወለል ላይ ውሃ ይሆናል። «ኽዊናንቲየን» ይሉታል። የሆቴሉ ኮሪደር ሴራሚክ አንሸራቶ ሊጥለኝ ነበር፣ ያጠብኩት ካልሲ በ3 ቀኑም አልደረቀም። ሆዴም በዚያው ሰሞን ተነፋ። ቃር፣ ግሳት፣ ሌሊት መገላበጥ። የያዝኩት የጨጓራ መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞል፣ አለቀ።

የምታስተረጉምልኝ ልጅ የአገሬ ልጅ ናት፣ እዚያው ሲቪል ምህንድስና ትማራለች፣ በትርኢቱ ሰሞን ደግሞ ነጋዴ እያስከተለች የኪስ ገንዘቧን ትሠራለች። «ጋሼ፣ ለምን የባህል ህክምናው ሆስፒታል አንሄድም?» አለችኝ። እኔ የባህል ህክምና ሲባል የሚታየኝ ሥር የተዘረጋበት መደብ ነው። ሳቅኩባት። እሷ መቼ ትበገራለች፣ «ኮአርተም ከየት የመጣ መሰለዎት? ቱ ዮዮ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል የወሰደችው ከቻይና ባህላዊ ዕፅ ባገኘችው የወባ መድኃኒት አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ ግን በላብራቶሪ ነው ያገኘችው፣ የሰው እጅ ይዛ ትርታ በማዳመጥ አይደለም፣ ብዬ ተከራከርኩ። ተከራክሬም ሄድኩ።

ሆስፒታሉ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ያለው ረጅም ፎቅ ነው። ወረፋው በስልክ ይያዛል፣ ቁጥርህ ስክሪን ላይ ሲመጣ ትገባለህ። የሐኪሟ ክፍል በሩ ክፍት ነው። ከእኔ በኋላ ያሉት ተራ ጠባቂዎችም ገብተው ከጀርባዬ ቆመዋል፣ ማንም ውጡ አላላቸውም። ሐኪሟ ስልሳ የሚሆናት፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት ናት። ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን፣ አረማመዴን፣ አቀማመጤን። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች።

«ጋሼ፣ ምላስዎን ያውጡ ትላለች።»

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ምላሴን ለሰው አወጣሁ። ሐኪሟ ጠጋ ብላ አየች፣ ቅንድቧን ሰበሰበች፣ ቶሎ ቶሎ ጠየቀች። ለካ ጠዋት ሻውቤይ ሰፈር ከአገር ልጆች ቤት ሦስቱንም፣ አቦል ቶና በረካ፣ ጠጥቼ ነው የመጣሁት። ምላሴ ቡናማ ሆኗል። ለእነሱ ምላስ ላይ ያለው ሽፋን ቀለሙና ውፍረቱ ወሬ ነጋሪ ነው፤ ቡና ደግሞ ወሬውን ያበላሸዋል። ነገ ቡና ሳትጠጣ፣ ምላስህን በብሩሽ ሳትፍቅ ና ተባልኩ። ከጀርባዬ ያሉት ሳቁ። ለቡና ተብሎ ከሐኪም ቤት መመለስ በእኔ ተጀመረ።

በማግስቱ ራሴን እየነደለኝ ሄድኩ። አሁን ምላሴን በደንብ አየችው። ጫፉ የልብ፣ ጎንና ጎኑ የጉበት፣ መሐሉ የሆድ ዕቃ ነው አለች። የእኔ ምላስ አብጦ ዳር ዳሩን የጥርስ ምልክት ይዟል፣ መሐሉ ላይ ወፈር ያለ ቅባት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ማታ ሆቴል ገብቼ በመስታወት አየሁት። እውነትም የጥርሴ ማኅተም ዙሪያውን ተመትቶበታል። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። እኔ የለመድኩት «ምንህን ነው የሚያምህ?» ተብሎ፣ መልሱን ሳልጨርስ የላብራቶሪ ወረቀት ሲሰጠኝ ነው። ይቺ ሴትዮ ግን ለወረቀት አልቸኮለችም። ብርድ ይፈራሉ? ንፋስ ይፈራሉ? ያልብዎታል? ቀን ነው ሌሊት? ሲጠማዎት ሙቅ ያምርዎታል ቀዝቃዛ? ንፋስ የምትለው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ይቺን ሴት ከሜክሲኮ አየር ጤና ታክሲ ላይ ባስቀምጣት ያን ሁሉ «መስኮቱን ዝጋው፣ ምች ትጨርሰኝ?» የሚል ተሳፋሪ በአንድ አፍታ ትግባባው ነበር። እናቴም ላቤ ሳይደርቅ ከቤት አታስወጣኝም ነበር።

ሐኪሟ ለምን እንደሳቅኩ ሲነገራት ደስ አላት። ጥያቄዎቹ በግጥም የተያዙ ናቸው አለች። ዣንግ ጂየቢን የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1640 የኖረ ሐኪም ነው «አሥሩ ጥያቄዎች» ብሎ ያሰናዳው። አንደኛ ብርድና ትኩሳት፣ ሁለተኛ ላብ፣ ሦስተኛ ራስና ሰውነት እያለ ይቀጥላል፤ የኋላ ሰዎችም አሻሽለውታል። ተማሪዎቹ እንደ ቆሎ ተማሪ በቃላቸው ይወጡታል።

አራተኛው ላይ ደረስን። አስተርጓሚዬ ዝም አለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ሽንት ቤት ሲሄዱ እንዴት ነው ትላለች።»

«ደህና ነው በያት።»

ደህና ነው ለዚህች ሐኪም መልስ አይደለም። ይቀጥናል ይደርቃል? በቀን ስንት ጊዜ? ውሃ ሲለቀቅበት ይሄዳል ወይስ ተጣብቆ ይቀራል? ለሚስቴ ነግሬያት የማላውቀውን የእህቴን ልጅ በምታህል ልጅ አፍ፣ አምስት የማላውቃቸው ቻይናዎች ቆመው እየሰሙ ተናገርኩ። አንዲት አሮጊት ጭራሽ ነገሩ የገባት ይመስል ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

የመጨረሻው ትርታ ነው። ትንሽ ትራስ አወጣችና አንጓዬን አስደገፈችው። ሦስት ጣቶቿን ደርድራ ቀስ አድርጋ ነካች፣ ከዚያ ጫን፣ ከዚያ ደግሞ ጥልቅ አድርጋ ያዘች። ቀኝና ግራ። ከግራው ልብ፣ ጉበትና ኩላሊት፣ ከቀኙ ሳንባ፣ ጣፊያና እንደገና ኩላሊት ይነበባል ይላሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ አሮጊቷ ሳትቀር። «ትርታዎ እንደ ጊታር ክር ተወጥሯል ትላለች» አለችኝ ልጅቷ። ክራር በይው፣ አልኳት። ጣፊያዬ ደክሟል፣ እርጥበት ገብቶብኛልም ተባልኩ። መጀመሪያ «ዝናብ ገብቶብዎታል» ብላ ነበር የተረጎመችው። ጣፊያ ሲባል ክው አልኩ፤ ኋላ ነው ጣፊያ የሚሉት ምግብ መፍጨቱን እንጂ ሐኪም በቀዶ የሚያወጣውን እንዳልሆነ የገባኝ። እርጥበቱን ግን ለማመን አልተቸገርኩም። ካልሲዬ ምስክር ነው።

ትርታውን አላምንም። የአንድን ሰው እጅ ለተለያዩ ሐኪሞች ሰጥተው የሞከሩ ጥናቶች ውጤቱ ብዙ ጊዜ እንደማይገጥም አሳይተዋል። ጥያቄዎቿ ግን ሌላ ናቸው። እነዚያን መልሶች ለየትኛውም ሐኪም ብታቀብለው ሥራ ይሠራባቸዋል። ሴትዮዋ ራሷም በጣቷ ብቻ አልተማመነችም፤ እንክብል አስውጣ የትንፋሽ ምርመራ ላከችኝ። ውጤቱ ኤች ፓይሎሪ፣ የጨጓራ ባክቴሪያው። ከአዲስ አበባ ያመለጥኩት መስሎኝ ነበር! ለ14 ቀን የሚዋጥ አራት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ በዚያ ላይ በፕላስቲክ የታሸገ ጥቁር የዕፅ ፈሳሽ። የዕፆቹን ስም ዝርዝር አጽፌ ያዝኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ የቻይና ዕፅ ያለበት የማቅጠኛ መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው እንደተጎዳ አውቃለሁ። ከዝርዝሩ ውስጥ የቆየ የመንደሪን ልጣጭ አለ። ምሬቱ ግን የመንደሪን አይደለም፣ ከኮሶ ጋር ይወዳደራል።

በ5 ቁጥር ሜትሮ ወደ ሻውቤይ ስንመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሐኪሟ እጄን እንደያዘች «ብዙ ያስባሉ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሐሳብ ጣፊያን ያደክማል ይላሉ። እኔ «አይ፣ ደህና ነኝ» ነው ያልኩት። ልጅቷ ግን ረጅም ነገር ነው የተናገረችው።

«ቅድም እኔ ሁለት ቃል ነው ያልኩት። አንቺ ምን ስትያት ነበር?»

አንገቷን ደፋች። «ያለፈው ዕቃ ወደብ ላይ መቅረቱን ነገርኳት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዋጋ እየደመሩ እንደሚልኩልኝም። አይቆጡኝ ጋሼ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምንም። ጻፈችው።»